ስለ መጽሐፈ ሩት፤ የኑኃሚን ምሬትና መታመኗ

ከስምንቱ ብሔረ ኦሪት በመጨረሻ የሚቆጠረው መጽሐፈ ሩት 4 ምዕራፍና 85 ቍጥር ብቻ ያለው አጭር መጽሐፍ ነው። ባሕር ሲከፈል፥ እሳት ከሰማይ ሲወርድ፥ መልአክም ሲገለጥ አይታይበትም። የሚታይበት ረኃብና ስደት፥ ሞትና ለቅሶ፥ አጨዳና ጋብቻ ነው። ይህም በየሰዉ ቤት የሚገባና የሚወጣ ነገር ስለ ሆነ፥ ኑሮው የተለዋወጠበት ሰው በእግዚአብሔር መታመን እንዴት እንደ ሆነ ሊማር ቢፈልግ ይህን መጽሐፍ አስተውሎ ማንበብ ይገባዋል።

ብዙዎች አንባቢዎች የሩትን ታማኝነት አመስግነው ኑኃሚንን ወደ ዳር ይተዋሉ። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚነሣው ከኑኃሚን ኀዘን ነው፤ ከዳዊት የትውልድ ቍጥር በፊት የሚያርፈውም ሕፃኑን በታቀፈችበት በኑኃሚን ብብት ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ለመመዘን እርሷን መከተል ይሻላል።

ቤተ ልሔም የእንጀራ ቤት ማለት ሲሆን እንጀራ ታጣበት። ኑኃሚን ከባሏ ከአቤሜሌክና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ሞዓብ ተሰደደች፤ በዚያም ባሏ ሞተ፤ 10 ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ ልጆቿም መሐሎንና ኬሌዎን ሞቱ። ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ ሴቶቹ በስሟ ቢጠሩዋት፥ ማራ በሉኝ አለቻቸው። ለእኛ ይህ ስም አስተርጓሚ አያሻውም፤ መራራና ምሬት ከምንለው ጋር አንድ ሥር ነውና። ሞልታ ወጥታ ባዶዋን እንደ ተመለሰች ተናገረች፤ ያስመረራትም ሁሉን የሚችል አምላክ መሆኑን አልሸሸገችም። ሩት ከአጠገቧ ቆማ ሳለች ባዶ ነኝ ማለቷ ኀዘን ዓይንን እንዴት እንደሚጋርድ ያሳያል።

እዚህ ላይ የጸሓፊውን ጥበብ እንመልከት። አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ አልገሠጻትም። ጸሓፊውም አልፈረደባትም፤ የመለሰው ቃል ቢኖር፥ የገብስ አጨዳ በሚጀመርበት ወራት ገቡ የሚል ብቻ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ግን በብዙ ንግግር ሊያርሙት ደከሙ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ሆነ። እንግዲህ በለቅሶ ቤት ተቀምጠን፥ አታማርሪ፥ ፈጣሪሽን ታስቀይሚያለሽ የምንል ሰዎች ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተማርን ልንጠይቅ ይገባናል። ኑኃሚን አማረረች እንጂ አልካደችም፤ የሚያማርር ሰው ሰሚ እንዳለው ያምናልና።

አንደበቷ የተለወጠው መቼ ነው? ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ አይደለም፤ ሩት ባገባች ጊዜም አይደለም። ሩት አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ቃርማ ወደ ቤት በገባችበት ማታ ነው። ያን ጊዜ ኑኃሚን፥ ቸርነቱን ያልተወ ብላ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ገብሱ የመጣው በተአምራት አይደለም። ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ ተውለት የሚል ሕግ በኦሪት ተጽፎ ነበር፤ ቦዔዝም ከሕጉ አልፎ አጫጆቹ ከነዶው እየመዘዙ ሆነ ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ።

ጸሓፊው ቃላትንም በከንቱ አይደጋግምም። ኑኃሚን ባዶ ነኝ ብላ ነበር፤ በምዕራፍ 3 ቦዔዝ ስድስት ስፍር ገብስ ለሩት ሲሰጣት ወደ አማትሽ ባዶሽን አትሂጂ አላት። እንዲሁም ቦዔዝ ሩት በእግዚአብሔር ክንፍ እንደ ተጠጋች ተናግሮ መርቋት ነበር፤ በአውድማው ሌሊት እርሷ ልብሱን እንዲዘረጋባት ስትለምነው በዕብራይስጡ የልብሱ ጫፍና ክንፉ አንድ ቃል ነው። የመረቀው ሰው ምርቃቱን በራሱ ልብስ እንዲፈጽም ተጠየቀ ማለት ነው።

ይህን መጽሐፍ፥ በጎ ሥራ፥ ይከፈልሃል የሚል ተረት አድርገው የሚያነቡ ሰዎች ይሳሳታሉ። የሞቱት ሦስቱ አልተመለሱም፤ ኢዮቤድም መሐሎንን አይደለም። ኑኃሚን በምዕራፍ 4 አንድ ቃል እንኳ አትናገርም፤ ስለ እርሷ የሚናገሩት ጎረቤቶቿ ናቸው። የመጨረሻ ቃሏ ያለው በምዕራፍ 3 ነው፤ ሩትን፥ ሰውዬው ነገሩን ሳይጨርስ አያርፍምና ታግሠሽ ተቀመጪ ትላታለች። በመጀመሪያ የእግዚአብሔር እጅ በእኔ ላይ ወጣ ያለችው ሴት፥ በመጨረሻ በአንድ ጻድቅ ገበሬ ትጋት አምና መጠበቅን አስተማረች።

እንግዲህ መታመን ያዘነው ሰው ብቻውን የሚሸከመው ዕዳ አይደለም። ዘመን የተለወጠበት ሰው እንዲታመን የምንመክር ሁላችን፥ ካህንም ብንሆን ባለ እርሻ፥ ምክራችን ከመሰማቱ በፊት በእርሻችን ዳር ምን ያህል ቃርሚያ እንደ ተውን ይጠየቃል።