ነክሶ የቆመውን ሞተር ስለ መክፈት

ብዙ ዘመን ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሞተርሳይክል ወደ ግቢዬ በገባ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሜ የምከለክለው ነገር ቢኖር መርገጫውን መርገጥ ነው፤ የባለቤቱ እግር በናፍቆት፣ የጎረቤቱም እግር በጉጉት ወደዚያ ብረት ይሳባልና፤ ነክሶ የቆመ ሞተር ግን በኃይል በተረገጠባት ቅጽበት የሚደርስበት ጉዳት የዓመታት ዝገት ካደረሰበት ሊብስ ይችላል። ዛሬ በጓሮዬ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር በእንጨት መቆሚያ ላይ የተቀመጠው ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ነው። ስለ እርሱ ስጽፍ ዋና አሳቤ የአንዱን ሞተር ታሪክ መተረክ ሳይሆን፣ የነከሰ ሞተር መፈታቱና መዳኑ ሁለት የተለያዩ ግብራት መሆናቸውን ለሙያው ወዳጆች ማስረዳት ነው።

ኤም 20 በበርሚንግሃም ከተማ፣ ስሞል ሂዝ በሚባለው ሰፈር በነበረው የቢ.ኤስ.ኤ. ፋብሪካ የተሠራ፣ ቫል ፔጅ የተባለው መሐንዲስ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1937 ለገበያ የቀረበ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 82 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 94 ሚሊሜትር፣ ይዘቱ 496 ሲሲ ሲሆን፣ ኃይሉ 13 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ፈጣን አይደለም፤ ነገር ግን ቫልቮላዎቹ ከሲሊንደሩ ጎን ስለ ተተከሉና ጭመቃውም ዝቅተኛ ስለሆነ ደካማ ቤንዚን የሚታገሥ፣ መንገድ ዳር ተከፍቶ የሚጠገን የዋህ ሞተር ነው፤ ስለዚህም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ120,000 የሚበልጥ ለሠራዊት ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1940 ሌሊት ፋብሪካው በአውሮፕላን ቦምብ ሲመታ 53 ሠራተኞች ሞተዋል። የዚያን ዘመን ዳዶ በጣቴ ይዤ ሳገላብጥ እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ ቆመው የሠሩትን ሰዎች አስባለሁ፤ የፊተኛው እጅ የሠራውን ያለ ምርመራ አውጥቶ መጣልም ከሙያ ሥርዓት የወጣ ይመስለኛል።

ሞተር የሚነክስበት ምክንያት በዋናው ሁለት ነው፤ አንዱ በእሳት፣ ሁለተኛው በውሃ። በእሳት የሚነክሰው በሥራ ላይ ሳለ ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት ጊዜ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል የመስፋት ባሕርይ ስላለው፣ ዘይት ያነሰው ወይም ከመጠን በላይ የተነዳ ሞተር ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ይልቅ ሰፍቶ በመካከል ያለችውን ስስ የዘይት ሽፋን ይጨርስና አሉሚኒየሙ በብረቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በውሃ የሚነክሰው ግን በዕረፍት ላይ ሳለ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም አንደኛው ቫልቮላ ክፍት ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፣ እንደ አዲስ አበባ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ፣ ይልቁንም በክረምት፣ እርጥብ አየር እየገባ በውስጥ ጤዛ ይሆናል፤ ፋሻ የሚባሉት የፒስተኑ ቀለበቶችም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይጋባሉ። ሁለቱን ሳይለይ የሚጀምር ሠራተኛ ሕመሙን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝዝ ነው። እኔ ካንዴላውን አውጥቼ በቀዳዳው መብራት አበራለሁ፤ ብርማ ጭረት ከታየኝ እሳት፣ ቀይ ቡናማ ዱቄት ከታየኝ ውሃ መሆኑን አስባለሁ፤ ቴስታታው እስኪነሣ ድረስ ግን ፍርዱን አልዘጋም።

ከዚያ በፊት ደግሞ የነከሰው በእርግጥ ፒስተኑ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በኤም 20 ላይ ካምቢዮው ከሞተሩ የተለየ ሆኖ በሰንሰለት ብቻ የተያያዘ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱን ፈትቶ እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር ይቻላል፤ የፍሪሲዮኑ ሳህኖች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሳለ ሞተሩ በከንቱ የሚከሰስበት ጊዜ አለ። እሳት የሚያመነጨው ማግኔቶም ከሞተሩ ጥርሶች ጋር ስለሚዞር፣ በውስጡ ሽቦውን የሸፈነው የድሮ ቫርኒሽ በሙቀት ቀልጦ ከተጣበቀ ሞተሩን ሁሉ አብሮ ይይዘዋል።

ፒስተኑ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የቴስታታውን ብሎኖች አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሳይሆን ሁሉንም በየተራ በጥቂት በጥቂቱ፣ በመስቀለኛ እያላሉ መፍታት ነው፤ አለዚያ ቴስታታው ይጣመማል። በዚህ ሞተር ላይ ቴስታታው ቫልቮላ የሌለበት ክዳን ብቻ ስለሆነ፣ ሲነሣ ፒስተኑና ሁለቱ ቫልቮላዎች እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ፊት ለፊት ይታያሉ። ከዚያም አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅዬ፣ በደጅ፣ ከእሳት ርቄ፣ በፒስተኑ ራስ ዙሪያ አፈሳለሁ፤ ይህ ከጠፋ ላምባና ቀጭን ዘይትም ያገለግላሉ። ፈሳሹ ዝገቱን አያሟሟውም፤ በዝገቱ ስንጥቅ እየሰረገ መንገድ ያበጃል እንጂ፤ ይህም የሚሆነው በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት ነው። በየማለዳው ምን ያህል እንደ ጎደለ አይቼ እሞላለሁ፤ ያለ ልክ ፈጥኖ የጎደለ እንደሆነ ፈሳሹ ወደ ታች መንገድ አግኝቷል ማለት ነው፤ ይህም መልካም ምልክት ነው።

ይህ ያልበቃው ሞተር ሙቀት ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ የሚደንቀኝ ቀድሞ ጉዳት ያመጣው ያ የመስፋት ባሕርይ አሁን ለፈውስ ማገልገሉ ነው። አሴቶኑ ተጠርጎና ተኖ ካለቀ በኋላ ሲሊንደሩ ከውጭ በዝግታና በእኩልነት ሲሞቅ፣ ሙቀቱ ወደ ፒስተኑ ሳይደርስ ግድግዳው አስቀድሞ ጥቂት ይሰፋል፤ ቆይቶ ሁለቱም ሲቀዘቅዙ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ይበልጥ ይሰበሰባል፤ በዚህ መስፋትና መሰብሰብ የዝገቱ ማሰሪያ ይሰነጠቅና ኋላ የሚፈሰው ቀጭን ዘይት ወደ ስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ ኃይሉ ያለው በእሳቱ ብዛት ሳይሆን በመመላለሱ ነው። ቀጥሎ ከፒስተኑ ራስ ጋር የተስማማ የወይራ እንጨት አስቀምጬ በመዶሻ ቀስ ብዬ እመታለሁ፤ ጠርዙን የመታ የፋሻውን መቀመጫ ይሰብራልና ምቱ መሐሉን እንጂ ጠርዙን አይነካም። በረጅም ብረት ዘንጉን ጠምዝዞ ማስለቀቅ የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን እቃወማለሁ፤ በዚህ ሞተር ሁለቱ ቮላኖዎች በአንድ ፒን የተጋጠሙ እንጂ ከአንድ ብረት የተሠሩ ስላልሆኑ፣ በጥምዘዛ ብዛት ከመስመራቸው ሊወጡ ይችላሉ።

አንድ ቀን ፒስተኑ የፀጉር ያህል ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ከዚያም ሞተሩ መዞር ይጀምራል። ፈተናው የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ሁሉም ሰው ቴስታታውን መልሶ፣ ቤንዚን ጨምሮ፣ ድምፁን መስማት ይሻል፤ ይህም ምኞት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ያ የዝገት ዱቄት ወዴት ሄደ? ወደ ታች፣ ወደ ቮላኖዎቹ ክፍል ወርዷል፤ ዘይቱም አንሥቶ ወደ ቢየላው ትልቁ ራስ ይወስደዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ያልቀናለት ደቀ መዝሙር ወደ ትርጓሜ እንደማይሻገር፣ ሲሊንደሩን አውርዶ የብረቱን ምስክርነት ያላነበበ ሠራተኛም ወደ ማስነሣት መሻገር አይገባውም። ተፈትቶ ሳይከፈት የተነሣ ሞተር ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ሄዶ ዳግመኛ ሲቆም፣ በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ፋሻው ብቻ ሳይሆን ኩሽኔታውና ቢየላው ጭምር ነው፤ የዚህን ሞተር ቢየላ ደግሞ በየሱቁ አያገኙትም።

ስለዚህ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ቢየላውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች እፈትነዋለሁ፤ ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተፈቀደ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ምንም ክፍተት ሊሰማ አይገባም። በዝግታ ሳዞረው አሸዋ የመሰለ ንክኪ ከተሰማኝ ዝገቱ በኩሽኔታው ጥርሶች ላይ ጉድጓድ አበጅቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቮላኖዎቹም ይፈታሉ። ሲሊንደሩ ደግሞ በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው ክፍል፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ፋሻው የሚመለስበት የላይኛው ጫፍ ከሁሉ ይበልጥ ያልቃል፣ ቅርጹም ከክብነት ወደ ሞላላነት ያዘነብላል። የዝገቱ ጠባሳ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ በ0.5 ሚሊሜትር ማስፋትና በዚያው ልክ ሰፊ ፒስተን ማግባት እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ጠባሳው ጥፍር ካልያዘና ልኩም ካልተዛባ ግድግዳውን በድንጋይ በተሻጋሪ መስመር አሻክሮ አዲስ ፋሻ ማግባት ይበቃል፤ ያ ሸካራነት ዘይት የሚያድርበት ነውና ማለስለስ አይገባም። አዲሱ ፋሻ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ ጫፎቹ 0.3 ሚሊሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው፤ ጫፍ ለጫፍ ከተነካኩ ሲሞቁ መስፊያ ያጣሉ፣ ሞተሩም እንደ ገና ይነክሳል።

ስለ መፍቻ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የኤም 20 ብሎኖች በኢንች የተለኩ የእንግሊዝ ጥርሶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በአንድ ኢንች 26 ጥርስ አላቸው፤ ሚሊሜትር የሆነ መፍቻ የገባባቸው ዳዶዎች ማዕዘናቸው ይላጫል። የተላጨውን ዳዶ ከማባባስ ቶርኖ ቤት ወስዶ በልኩ ማስቀረጽ ይሻላል።

ሲገጠም ከመዳብ የተሠራው የቴስታታ ጓርኒሲዮን በእሳት ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ይሠራል። ዘይቱ በተለየ ታንክ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ ታንኩ ታጥቦ አዲስ ዘይት ከተሞላ በኋላ ካንዴላውን ሳልመልስ መርገጫውን ደጋግሜ እረግጣለሁ፤ የታንኩን ክዳን ከፍቼ ዘይቱ በመመለሻው ቧንቧ ሲንጠባጠብ በዓይኔ ሳላይ እሳት አልሰጠውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ለእንግሊዝ አየር የተለካው ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ የበዛውም ቤንዚን ከአዲሱ ፋሻ ላይ ዘይቱን ያጥባል፤ ስለዚህ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ነሐስ ጠባብ ቀዳዳ ባለው እለውጠዋለሁ።

ሞተሩ ተነሥቶ አንድ ጊዜ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍቼ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፤ የቴስታታውን ዳዶዎች እንደ ገና አጠብቃለሁ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ዘይት አውጥቼ በነጭ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። ጥቁር ዝቃጭ ከተገኘ የሚጠበቅ ነው፤ ዘይቱ ይለወጣል፣ መንዳቱም በቀስታ ይቀጥላል። የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቅንጣት ከታየ ግን ሲሊንደሩ በዚያው ቀን ዳግመኛ ይወርዳል።