«ኪ-67፣ 8 በመቶ» ሲባል ምን ተባለ?

የአንጎል ዕጢ የተወገደለት ዘመድ ካላችሁ የፓቶሎጂ ውጤቱን ሳታዩት አልቀራችሁም። ከማይገቡት ቃላት መሃል አንድ መስመር ዓይን ይይዛል፦ «ኪ-67፣ 8 በመቶ»። ቤተሰብ ይሄን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ያድራል። 8 ጥሩ ነው መጥፎ? ቅሬታዬ ቤተሰቡ ላይ አይደለም፤ ቁጥሩን ያለ አንዳች ማብራሪያ ጽፎ በሚሰጠው አሠራር ላይ ነው።

ኪ-67 በመከፋፈል ሂደት ላይ ባሉ ሴሎች ኒውክለስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። «ኪ» የጀርመኗ ኪል ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፕሮቲኑን የሚለየውን ፀረ-አካል ይፋ ያደረጉት ተመራማሪዎች እዚያ ነበር የሚሠሩት። ፀረ-አካሉ ፕሮቲኑን ሲያገኝ ኒውክለሱ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ከመቶ ሴል ስንቱ ቡናማ ሆነ? ቁጥሩ ይሄው ነው።

ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። ዕጢ እኮ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጥግ በፍጥነት ሲያድግ ሌላው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የቱ ጋ እንቁጠር? በጣም ቡናማ የሆነው ቦታ ላይ ወይስ አማካዩን እንውሰድ? ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ከዘገየ ደግሞ ቀለሙ ይደክማል። አንዱ ባለሙያ 5 ያለውን ሌላው 10 ቢል ሁለቱም አልዋሹም።

ለዚህም ይመስለኛል የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 አመዳደብ የአስትሮሳይቶማን ደረጃ በኪ-67 መቶኛ የማይወስነው። የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሲከፋፈሉ የሚታዩ ሴሎች አሉ ወይ? የደም ሥሮቹ ያለ ልክ በዝተዋል ወይ? የሞተ ሕብረ ሕዋስ አለ ወይ? አይዲኤች ሚውቴሽን ባለው አስትሮሳይቶማ ደግሞ ሲዲኬኤን2ኤ/ቢ የሚባለው የዘረመል ክፍል ሁለቱም ቅጂ ከጠፋ፣ ዕጢው በማይክሮስኮፕ ረጋ ያለ ቢመስልም ደረጃው 4 ነው። ኪ-67 ይሄን አይነግራችሁም።

ታዲያ የፕሮቲን ምርመራ ከንቱ ነው? በፍጹም። አይዲኤች1 አር132ኤች የሚባለውን ለውጥ ውሰዱ። በግሊዮማ ከሚገኙት የአይዲኤች ሚውቴሽኖች 90 በመቶ ገደማው ይሄ ነው፤ ፀረ-አካሉም የተለወጠውን ፕሮቲን እንጂ ጤነኛውን አይነካም። መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ነው፣ መቶኛ የለበትም። ውጤቱ የዕጢውን ስም ጭምር ይለውጣል፦ በአሁኑ አመዳደብ አይዲኤች ሚውቴሽን ያለው ዕጢ ግሊዮብላስቶማ አይባልም። ግን «የለም» ሲል ተጠንቀቁ፤ ቀሪዎቹን ሚውቴሽኖች አያያቸውም። በተለይ በሽተኛው ወጣት ከሆነ ዘረመሉ ራሱ መነበብ አለበት። ይሄን ማድረግ የማይችል ላቦራቶሪ በምርመራው ስም መጨረሻ «ኤንኦኤስ» ብሎ እንዲጽፍ አመዳደቡ ይፈቅድለታል፤ ትርጉሙ «ከዚህ በላይ አልተለየም» ነው። ቤተሰብን ያስከፋል፣ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ብቻውን ከቆመ 8 በመቶ ይልቅ ሐቀኛ ነው።

ኪ-67ን አውጥተን እንጣለው አልልም። ደረጃ 2 በተባለ ዕጢ ላይ ቁጥሩ ከተጠበቀው በላይ ከፍ ካለ፣ ፓቶሎጂስቱ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመልሶ የሚከፋፈሉትን ሴሎች እንደገና ይቆጥራል፤ የተወሰደው ናሙና በቂ መሆኑንም ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ የት እንደተቆጠረና ስንት ሴል እንደተቆጠረ ቢጻፍ ደግሞ ቀጣዩ ሐኪም ቁጥሩን ሊመዝነው ይችላል። ካልተጻፈ ጠይቁ፤ ጥያቄው የእናንተ መብት ነው።