የጋለው ብረት ታሪክ፦ «ፎርድ ቨርሰስ ፌራሪ» ከወረታ ሲታይ

ጄምስ ማንጎልድ ያዘጋጀው «ፎርድ ቨርሰስ ፌራሪ» እ.ኤ.አ. በ2019 ለዕይታ ከበቃ ወዲህ ስለ ፍጥነት የተሠራ ፊልም እየተባለ ይወደሳል። ውዳሴው አይከፋም፤ ጎዶሎ ግን ነው። የእሽቅድምድም ፊልም ሁሉ መኪና ሲሮጥ ያሳያል። መኪና እንዴት እንደሚቆም፣ ለመቆምም ምን እንደሚከፈል የሚያሳይ ግን ከዚህ ሌላ አላየሁም።

ታሪኩ የታወቀ ነው። የሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ ኩባንያ በፈረንሳዩ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ፌራሪን ለማሸነፍ ይነሣል። ማት ዴመን መኪናውን የሚያዘጋጀውን ካሮል ሼልቢን፣ ክርስቲያን ቤል ደግሞ እልኸኛውን ሹፌር ኬን ማይልስን ሆነው ይጫወታሉ። 152 ደቂቃ ይረዝማል፤ ሆኖም አይሰለችም። እ.ኤ.አ. በ2020 በምስል ቅንብርና በድምፅ ቅንብር ሁለት ኦስካር ወስዷል፤ ሁለቱም ይገቡታል። ቤል መሪ ጨብጦ ብቻውን እያጉተመተመ ሲነዳ፣ ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ የሚያሰማው ጩኸት ወንበር ላይ ያለውን ተመልካች ወደ ፊት ይገፋል።

እኔን የያዘኝ ትዕይንት ግን አጭር ነው። ሌሊት ነው። የማይልስ መኪና ለጥገና ይቆማል፤ መካኒኮቹ ጎማውን ነቅለው የፍሬን ሸራ ብቻ ይለውጣሉ ሲባል የፍሬኑን ዕቃ ከነዲስኩ አውጥተው አዲስ ይገጥማሉ። የፌራሪ ሰዎች ይህ አይፈቀድም ብለው ይጮኻሉ። ሼልቢ የውድድሩ ደንብ ይህን የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለው ይነግራቸዋል። ነገሩ በዚያ ያልቃል። ማንጎልድ ትዕይንቱን የብልጠት ማሳያ አድርጎ፣ ሳቅ አስከትሎ ያልፈዋል። በእኔ ዕይታ የፊልሙ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ እንዲህ በችኮላ መታለፉም ይቆጨኛል።

እንዲያው ሒሳቡን እናስላው። ማይልስ የነዳው የፎርድ ጂቲ40 ማርክ 2 ባለ 7 ሊትር ሞተር ሲሆን ክብደቱ 1,200 ኪሎ ገደማ ነበር። በሌ ማኑ የሙልሳን ቀጥታ መንገድ ላይ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ መጥቶ፣ በመንገዱ ጫፍ ላለው ጠባብ ኩርባ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያንን ፍጥነት ማራገፍ ነበረበት። በዚያች ቅጽበት ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። የፊት ዲስኮቹ ወደ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሱ ነበር። ይህ በየዙሩ፣ ቀንና ሌሊት ይደጋገማል። ዲስኩ 24 ሰዓት እንደማይዘልቅ የፎርድ መሐንዲሶች አውቀውታል። ፊል ሬሚንግተን የተባለው የሼልቢ ቡድን ጥበበኛ ያመጣው መላ የማይሰበር ዲስክ አልነበረም። እንደሚሰበር የታወቀ ዲስክ በፍጥነት ወጥቶ ሌላ የሚገባበትን አሠራር ነው የፈጠረው። ሬይ ማኪነን ይህን ሰው በእርጋታ ተጫውቶታል፤ የተሰጠው ጊዜ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

ፊልሙ የጋለውን ዲስክ ቀይ አድርጎ ያሳየናል፤ ውበት አለው። ነገር ግን ዲስኩን የሚሰነጥቀው መጋሉ ብቻ አይደለም። ከኩርባው ወጥቶ እንደገና ቀጥታ መንገድ ሲያገኝ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመታዋል፤ ላዩ ቶሎ ሲኮማተር ውስጡ ገና እንደሰፋ ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሹፌሩ እፎይ ባለበት፣ ተመልካቹም ፍጥነቱን በሚያጣጥምበት ሰዓት ብረቱ ይሞታል። ይህን የሚያህል ድራማ ለካሜራ ተዘጋጅቶ ሳለ ማንጎልድ አላየውም።

ወረታ ላይ ሆኖ ፊልሙን የሚያይ ሰው ይህን ክፍተት ቶሎ ይለየዋል። ወረታ ሁለት መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። አንዱ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ያልፋል። ሌላው ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ፣ በዓለም በር በኩል ወደ ፎገራ ይወርዳል። የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያጠጡት ሜዳ ለጥ ያለ የሩዝ ማሳ ነውና እዚያ ፍሬን ብዙም አይፈተንም፤ የሚፈተነው ሜዳው ከመድረሱ በፊት ነው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን አይሱዙ ደብረ ታቦር ካለው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ወረታው 1,800 ሜትር ገደማ ሲወርድ የሚያራግፈው ጉልበት፣ ማይልስ ሙልሳን ላይ አንዴ ፍሬን ሲይዝ ካራገፈው ከ15 እጥፍ በላይ ነው። እርግጥ ጎማው፣ ነፋሱና ሞተሩ ብዙውን ይጋሩታል፤ መንገዱም ወጣ ገባ አለው። ሹፌሩ ማርሽ ካልቀነሰ፣ ወይም ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ከለቀቀው ግን የሞተሩ ድርሻ ተመልሶ የፍሬኑ ታምቡር ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ሹፌሩ ፔዳሉን እየረገጠው መኪናው አልሰማ ይላል።

እንዲህ የነደደ ታምቡር ጋራዥ ሲገባ ውስጡ ሰማያዊ ቀለም ይዞ፣ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች ወጥተውበት ይታያል። ልምድ ያለው መካኒክ አንጠልጥሎ በመዶሻ ጫፍ ነካ ያደርገውና ያዳምጣል። ጤነኛው ረዘም አድርጎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ጤነኛ ከሆነ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል፣ አዲስ ሸራ ይመታለታል፣ መኪናው ላይ ይመለሳል። በድምፁ ኦስካር የወሰደ ፊልም ሞተሩን እንዲህ አሳምሮ ሲያሰማን፣ የብረቱን ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ አለማሰማቱ ያሳዝነኛል።

ፊልሙ ዛሬ መኪና ይዘው የውድድር መም ላይ የሚወጡ ሰዎች ለሚከራከሩበት ጉዳይም ሳያስበው መልስ ይሰጣል፤ ሴራሚክ ዲስክ ይሻላል ወይስ የብረት? ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2001 በ911 ጂቲ2፣ ፌራሪም በ2002 በኤንዞ ይዘውት የመጡት የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ክብደቱ የብረቱን ግማሽ ያህል ነው፤ አይዝግም፤ ከተማና አውራ ጎዳና ላይ ለሚነዳ ሰው ረጅም ዕድሜ አለው። መም ላይ እየደጋገሙ ሲያግሉት ግን ውስጡ ያለው የካርቦን ክር ይቃጠላል፣ ፊቱ ይሻክራል፤ እንደ ብረት በቶርኖ አይላጭም። ጎማ ሲፈታ ቸርኬው ጠርዙን ከመታው ይሸረፋል። አንድ ሙሉ ስብስብ ለመተካት ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ከብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች የሚመጡት የጂቲ3 ምድብ የውድድር መኪኖች በደንባቸው መሠረት በብረት ዲስክ ይወዳደራሉ፤ በ24 ሰዓት ውድድርም ዲስክ የሚለውጡበት ጊዜ አለ። መም ላይ አዘውትሮ ለሚነዳ ሰው እኔ የምመርጠው ብረቱን ነው። ሲያልቅ ይታያል፣ ሲሰነጠቅ ይታወቃል፣ ምትኩም ከአቅም በላይ አይሆንም። የሬሚንግተን ሐሳብም ይኸው ነበር።

ፊልሙ ለድራማ ሲል የፈጠራቸውን ብዙዎቹን ነገሮች ይቅር እላለሁ። ኤንዞ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ሌ ማን ላይ አልተገኘም፤ ማይልስና የፌራሪው ሹፌር ባንዲኒ ጎን ለጎን ያደረጉት ትንቅንቅም የፊልሙ ፈጠራ ነው። ይህ ማንንም አይጎዳም። ይቅር የማልለው መጨረሻውን ነው። ማይልስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1966 በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ መም ላይ ጄ-ካር የተባለውን አዲስ መኪና ሲሞክር ሞተ። መኪናው በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ጫፍ ከቁጥጥር ወጥቶ ተገለባበጠ፤ ምክንያቱ ይህ ነው ተብሎ በማያሻማ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ፊልሙ ግን ፍሬኑ እምቢ ሲለው ያሳየናል። የፍሬን አደጋ ካስፈለገ እውነተኛው በቀጣዩ ዓመት አለ። ማሪዮ አንድሬቲ እ.ኤ.አ. በ1967 ሌ ማን ላይ የፎርድን ማርክ 4 እየነዳ ፍሬኑ ከተለወጠለት በኋላ ተጋጨ፤ የፊት ሸራው ተገልብጦ ስለተገጠመ ነው ብሎ ራሱ ተናግሯል። ሰው በችኮላ የሚለውጠው ዕቃ በችኮላ ሊበላሽም እንደሚችል የሚያሳየው ያ ነው። ማንጎልድ ለሬሚንግተን ሥራ ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ፣ ያልተረጋገጠ ሞት በፍሬኑ ላይ መጫኑ የዚህ ግሩም ፊልም ትልቁ በደል ነው።