ተጫዋቹ የሚያውቀውና የተመሰለው ሰው የሚያውቀው፤ ስለ «አገር ስጠኝ» ጨዋታ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ነገር ብቻ ይመስላል። ይኸውም አንድ ሰው ሌላ ሰው መስሎ ሲጫወት፣ እርሱ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ የተመሰለው ሰው እንደሚያውቀው አድርጎ ሊናገርበት ይገባዋልን? የሚል ጥያቄ ነው። በውጭ አገር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጀግናና አስማተኛ መስለው የሚጫወቱ ሰዎች ስለዚሁ ብዙ ተከራክረዋል። እኛ ግን ነገሩን ከመቱ ቤቶች ለመጀመር መርጠናል። ምክንያቱም እንቆቅልሽ የሚሰበስቡ ጓደኞቻችን ጥያቄውንና መልሱን ብቻ ጽፈው፣ ከጨዋታው ውስጥ ሰው መምሰል ያለበትን ክፍል ትተውት ሲመለሱ ስላየን ነው።

የጨዋታው አካሄድ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። በኦሮምኛ «ሂቦ» ተብሎ ይጀመራል። ተጠያቂው መልሱ ከጠፋበት ጠያቂው አገር ይጠይቀዋል። አገሩ ከተሰጠው በኋላ ጠያቂው የዚያ አገር ጌታ ይሆናል፤ ገባሁ፣ ተቀበሉኝ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ እያለ ይፎክራል፤ አገሩን የሰጠውን ሰው ደግሞ እያዋረደ ይሰድበዋል። መልሱን የሚናገረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ጨዋታው ሁለት ክፍል አለው ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ዕውቀት ይፈተናል፣ በሁለተኛው ክፍል አንድ ልጅ ልጅነቱን ትቶ ባለ አገር ይሆናል። በመጻሕፍት የሚታተመው የመጀመሪያው ክፍል ነው።

በመጀመሪያው ክፍል የሚነሣው ጠብ በአንዲት ቃል ይጠቃለላል፤ «ሰምቶታል!» የምትል ናት። መልሱን ፈጥኖ የተናገረ ልጅ አስቦ ሳይሆን ቀድሞ ሰምቶ ነው የመለሰው ማለት ነው። በመቱ ይህ ክስ ከሌላው አገር ይልቅ ይበዛል፤ ልጆቹ በሁለት ቋንቋ ያድጋሉና። በቤት ከአያት በሂቦ የተሰማው በር የሌለው ቤት፣ በትምህርት ቤት ግቢ በአማርኛ ሲጠየቅ መልሱ ያው እንቁላል ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ሲጨነቅ ሁለቱንም የሚያውቀው ይስቃል። ይህ ማታለል ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። በዚህ ክፍል ተጫዋቹ የሚመስለው ሌላ ሰው የለም፤ የሚፈተነው ራሱ ነው፤ የሰማውም የራሱ ነው። ደግሞስ እንቆቅልሽ ከመሰማት በቀር በምን ይወረሳል?

ችግሩ የሚጀምረው ሌላ ሰው ሲመሰል ነው። በዚህ ረገድ ስለ ውጭው ጨዋታ ጥቂት እንናገር። «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ጉልበቱንና ብልሃቱን በወረቀት ይጽፋል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ዓለሙን ይተርካል። ከአውሬዎቹ አንዱ ትሮል ይባላል፤ ቢቆርጡት ቁስሉ መልሶ ይገጥማል፤ በእሳት ወይም በአሲድ ካልሆነ በቀር አይሞትም። ብዙ ጊዜ የተጫወተ ሰው ይህን ያውቃል። ዛሬ የፈጠረው የገበሬ ልጅ ግን ትሮል አይቶ አያውቅም። ታዲያ ችቦውን ያንሣ ወይስ ሰይፉን? ልማደኛው መልስ «የምታውቀውን እርሳው» የሚል ነው።

ይህ ምክር ደካማ ነው። ሰው የሚያውቀውን በትእዛዝ አይረሳም። ከዚህም በላይ፣ እሳት እንደሚገድለው ስለሚያውቅ ብቻ ሆን ብሎ ከእሳት የሚሸሽ ተጫዋችም በዕውቀቱ መመራቱን አልተወም፤ አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት በድንጋጤ ችቦውን በወረወረው ነበር። የማስመሰል አለማወቅ ከእውነተኛው አለማወቅ ይልቅ ጠማማ ነው።

የሴት ልጆችን የዕቃ ዕቃ ጨዋታ የተመለከተ ሰው ይህን ሳያስረዱት ይገባዋል። ከጭቃ የተሠራው ወጥ ለእንግዳይቱ ሲቀርብላት፣ እንግዳይቱ ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ «እንዴት ይጣፍጣል!» ትላለች፤ ጭቃውን ግን አትውጠውም። እጇ ጭቃ መሆኑን ያውቃል፤ አፏ የእንግዳ አፍ ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሰውነት ውስጥ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ቢረሳማ ልጅቱ በታመመች ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የልደትን ተውኔት የተጫወትን ሰዎችም ሰብአ ሰገል ሆነው ሄሮድስን መንገድ የሚጠይቁትን ልጆች እናስታውሳለን። በረቱ ከመድረኩ ግራ በኩል መሆኑን ያውቃሉ፤ ትናንት ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ጥሩ ተጫዋች እያወቀ ይጠይቃል፤ መጥፎው ግን እየጠየቀ ዓይኑ ወደ ግራ ይሄዳል።

አሁን ወደ አገር ስጠኝ እንመለስ። ጌታ የሆነው ልጅ ስለ ተሰጠው ከተማ የሚናገረው ከየት ያመጣዋል? ከራሱ ዕውቀት ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም። በደሌ ከተሰጠው ቢራ በበርሜል ይጠጣል፤ ቢራ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ እንኳ የፋብሪካውን ስም ያውቃልና። ያዩ ከተሰጠው የጫካውን ቡናና ማር ሁሉ ያስጭናል። ጎሬ ሲሰጥ ግን ነገሩ እንደ ተጫዋቹ ዕድሜ ይለያያል። ለልጆቹ ጎሬ ከመቱ በስተ ደቡብ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኮረብታ ላይ ያለች፣ በሚኒባስ የሚደረስባት ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ምሽት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የተጫወቱ አያት (በዚያ ቤት ሁሉም «አኮ» ይሏቸዋል) ጎሬ በተሰጠቻቸው ጊዜ የገቡት ወደ ሌላ ጎሬ ነው፤ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ወደ ነበረችው፣ የእንግሊዝ ቆንስል ወደ ተቀመጠባት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ ጣሊያኖች በኅዳር 1929 ዓ.ም. እስኪይዟት ድረስ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጊዜያዊ መንግሥት ወደ መሩባት ጎሬ። አኮ ይህን ከእናታቸው ነው የሰሙት። ቡናቸውን ወደ ጋምቤላ አውርደው፣ በባሮ ወንዝ ላይ ከሱዳን ይመጡ በነበሩት የእንፋሎት መርከቦች አስጫኑት። ጋምቤላ ዛሬ ከኢሉባቦር ውጭ የራሷ ክልል ከተማ መሆኗን፣ በደሌም ቡኖ በደሌ በተባለው ሌላ ዞን ውስጥ መሆኗን ልጆቹ ቢነግሯቸው «የኔ ጎሬ ጌታ ይህን ገና አልሰማም» አሏቸው።

ከዚህ መልስ እንደምንረዳው የተጫዋቹ ዕውቀት ወደ ጨዋታው መግባቱ ራሱ ጥፋት አይደለም። የጎሬ ጌታ ሊያውቀው የሚችለው ነገር ከሆነ ጌታውን ያገዝፈዋል፤ ሊያውቀው የማይችለው ከሆነ ይቀራል።

ጨዋታው ሲበላሽም አይተናል። በሌላ ምሽት፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ያህል የሆነ ልጅ ከአንዲት እኩያው ሑሩሙን ተቀበለ። ግብሩን አበላ፣ ፈረሱን አስጫነ፣ ወደ ስድቡም ገባ። ስድቡ እንደ ልማዱ የማይሆን ነገር እየተደራረበ የሚሄድ ነበር፤ ልጅቱን ፍየል አስጠበቃት፣ በተሰበረ ምጣድ ቡና አስቆላት፣ ከዶሮ ጋር አሳደራት። እርሷም ትስቅ ነበር። በኋላ ግን አባቷ ቡናው በዕዳ ስለ ተያዘበት በጌታው መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ መቀጠሩን ተናገረ። የቡናው በዕዳ መያዝ እውነት ነበር፤ በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ የተወራ ነገር ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቱ አላለቀሰችም። በኦሮምኛ የተናገረችው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ይህን ጌታው አያውቅም፤ የምታውቀው አንተ ነህ።» የቤቱ ባለቤት ልጁን «አገሯን መልስላት» አሉት፤ መለሰላት፤ መልሱንም ያለ አገር፣ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

ስለዚህ ጉዳይ የውጭ አገር ሰዎች ከጻፉት ካነበብነው ውስጥ የዚያችን ልጅ ቃል ያህል የተሳለ አላገኘንም። እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብላ አልተከራከረችም፤ አልሰማሁም ብላም አልካደችም። የጠየቀችው ወሬው በየት መንገድ ሑሩሙ ደረሰ ብላ ነው። ዳኛ በግሉ የሚያውቀውን ነገር በማስረጃ ካልቀረበለት ለፍርዱ መሠረት ሊያደርገው እንደማይገባ የሕግ ጓደኞቻችን ይነግሩናል፤ የልጅቱ ክርክር ከዚህ አይርቅም።

እንዲህ ያለው ጠብ በመኖሩ አንዳንድ መምህራን አገር መስጠቱና ስድቡ ቀርቶ ጥያቄና መልሱ ብቻ ይሁን ይላሉ። ሐሳባቸው ከቅንነት ነው፤ ግን አንስማማም። ያ ክፍል ሲቀር የሚቀረው የማስታወስ ፈተና ነው፤ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ የሚናገርበት፣ ሲሳሳትም አገር የሚያስመልሰው ሸንጎ የሚያገኝበት ቦታ አብሮ ይጠፋል። ልጁን የቀጣው መምህር አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ነው። እንቆቅልሽ ሰብሳቢዎች ጓደኞቻችንም ከመልሱ ጋር የትኛው ከተማ እንደ ተሰጠ፣ የትኛው «ትንሽ ናት፣ አልቀበልም» እንደ ተባለ፣ ጌታው በከተማው ምን እንዳደረገ ቢጽፉልን፣ ከመቶ ባዶ መልስ ዐሥር እንዲህ ያለ ጨዋታ በመረጥን ነበር።

የልጅቱን ሚዛን የሚያስቸግር አንድ ነገር ግን ይቀራል። የተሰጠው ከተማ ሑሩሙ ባይሆን መቱ ቢሆን ኖሮስ? የመቱ ጌታ የመቱን ገበያ ወሬ መስማቱ አይቀርም፤ በዚያ ሚዛን ስድቡ ያልፍ ነበር፤ ልጅቱን ግን ያው ያቆስላት ነበር። ለዚህ ይሆናል፣ በተቀመጥንባቸው ምሽቶች ሁሉ ጎሬና በደሌ፣ ያዩና አልጌ፣ አዲስ አበባም ሲሰጡ መቱን የሚሰጥ ያላየነው። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ አራት ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን «መቱን ሰጠሁ» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አኮ «እዚሁማ ተቀምጠንባት፤ ሌላ ስጥ» አሉት። ሕፃኑም ትንሽ አስቦ አሜሪካን ሰጠ።