መርፌና መጋረጃ

ፔንታክስ ኬ1000ን ለመጀመሪያ ጊዜ አንስቶ ለሚያገላብጣት ሰው የምታስደንቅ ካሜራ አይደለችም። ጥቁር ቆዳ መሰል ሽፋን፣ ከላይ ብርማ ክዳን፣ አንድ የፍጥነት ቁልፍ፣ አንድ መጫኛ፣ አንድ የፊልም መሳቢያ እጀታ፤ በቃ። የጃፓኑ አሳሂ ኦፕቲካል እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያወጣት ታላቅ እህቷን ኬኤምን ወስዶ፣ ራስን በራስ ማንሻውንና ጥቂት ሌሎች ነገሮችን ቀንሶላት ነው። እስከ 1997 ተሠራች፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች፤ በብዙ አገር ፎቶ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚይዛት ካሜራ ሆነች።

ርካሽ ዕቃ የሆነ ቦታ ላይ ተቆጥቦበታል። እኔ የሠሪውን እጅ የምመዝነው የቱ ጋ ቆጥቦ የቱን እንዳልነካ አይቼ ነው።

ያልተነካችው አንደኛዋ መርፌዋ ናት። በመመልከቻው ውስጥ በቀኝ በኩል አንዲት ቀጭን መርፌ ትታያለች። ብርሃኑ ሲበዛ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሲያንስ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ልክ ሲሆን መሃል ትቆማለች። የሚበራ ነገር የለም፣ የሚነበብ ቁጥርም የለም። የፍጥነት ቁልፉን አንድ እርምጃ ስታዞሩ መርፌዋ ከቦታዋ ትነቃነቃለች፤ የሌንሱን ቀለበት በአንጻሩ አንድ እርምጃ ስታዞሩ እንደ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ተመልሳ ትስተካከላለች። ፍጥነትና የሌንሱ ቀዳዳ አንዱ የወሰደውን ሌላው እንደሚመልስ በመጽሐፍ ለማስረዳት ገጾች ይፈጃል፤ እዚህ ጣትና ዓይን አብረው ይማሩታል።

መርፌዋ የሌንሱን ሁኔታ የምታውቅበት መንገድ ደግሞ ሌላ ብልሃት ነው። ቀለበቱ ሲዞር ከሌንሱ ጀርባ ያለች ትንሽ ምላስ በካሜራዋ አፍ ውስጥ ያለውን ቀለበት ትገፋለች፤ ሌንሱ ግን አይጠብም። እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ስለሚቆይ የምታዩት ምስል ብሩህ ነው። መጫኛውን ስትጫኑ ነው መስተዋቱ ብድግ የሚለው፣ ቀዳዳው ወደታዘዘበት ልክ የሚጠበው፣ መጋረጃው የሚሮጠው፣ ከዚያም መስተዋቱ ተመልሶ የሚወርደው። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ አይቆይም።

መጋረጃ ያልኩት በእርግጥም ጨርቅ ነው፤ ጎማ የተቀባ፣ ወደ ጎን የሚሮጥ፣ ቁጥሩ ሁለት። አንደኛው ፊልሙን ይገልጣል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይሸፍናል። እስከ 1/60 ሰከንድ ድረስ ፊልሙ ሙሉ በሙሉ የሚገለጥበት ቅጽበት አለ፤ ፍላሽ ከዚያ በላይ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለተኛው መጋረጃ ቶሎ ስለሚከተል በመካከላቸው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች፤ በ1/1000 ፊልሙን ጠርጋው የምታልፈው እሷ ናት። ጉልበቱ የሚመጣው እጀታውን ስትስቡ ከሚጠነጠን ሞላ ነው፤ ባትሪ የለበትም። ያገለገለች ለመግዛት የሄደ ተማሪ፣ ፊልም ሳይገባባት ጀርባዋን ከፍቶ ወደ ብርሃን አዙሮ በ1/1000 ይሞክራት። አንደኛው ጠርዝ የሚጨልም ከሆነ መጋረጃው ደክሟል።

ባትሪዋ የምታገለግለው መርፌዋን ብቻ ነው። ሞታ ብትገኝ ሥራ አይቆምም፤ ፀሐይ በደመቀበት ቀን ቀዳዳውን 16 ላይ፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማቀራረብ ነው፤ ለ100 ፊልም 1/125። ቁጠባው እኔን የሚያናድደኝ አንድ ቦታ ቢኖር ማጥፊያ አለመኖሩ ነው። የብርሃን መለኪያው የሚያርፈው ጨለማ ሲያገኝ ነውና የሌንሱን ክዳን መርሳት ባትሪ መጨረስ ነው።

በግራ በኩል ያለው የፊልም መጠቅለያ ቁልፍ ግን ይክሳል። ፊልሙ በደንብ ከተያዘ እጀታውን ስትስቡ ይህ ቁልፍ አብሮ ይዞራል፤ ካልዞረ ፊልሙ ጥርሱን አልያዘም። ይህን የሚያይ ሰው ባዶ ካሜራ ይዞ 36 ጊዜ ከመጫን ይድናል። ለተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጊዜ ብዛት ኪስ የሚያራቁተው ካሜራው ሳይሆን ፊልሙና ማሳጠቢያው ነው። ለዚህ ነው ብዙዎች በጥቁርና ነጭ ጀምረው ራሳቸው ማጠብ የሚለምዱት። በጥቅል የሚሸጠው 30 ሜትር ፊልም ባለ 36 የሆኑ ወደ 18 ሮሎች ይወጣዋል።

አሁን ስሟ ስለገነነ ዋጋዋም አብሮ ወጥቷል። ሻጩ ኬኤምን በእኩል ዋጋ ካቀረበ ኬኤምን ያለማመንታት እወስድ ነበር፤ ያው አካል ነው፣ የተቀነሰው ሳይቀነስ። ከኬ1000ዎቹም መካከል ልዩነት አለ። የመጀመሪያዎቹ በጃፓን፣ ቀጥሎ በሆንግ ኮንግ፣ በመጨረሻ በቻይና ተሠሩ። በኋለኞቹ ላይ የላይና የታች ክዳኑ፣ ከፊልም መሳቢያውም አንዳንድ ክፍሎች ፕላስቲክ ሆኑ። ክዳኑ ፕላስቲክ መሆኑ አይከፋኝም። መሳቢያው ግን ለእያንዳንዷ ፎቶ የሚሠራ፣ መጋረጃውንም የሚጠነጥን ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ መቆጠብ አልነበረባቸውም። ቢሆንም የዋጋው ልዩነት አምስት ስድስት ፊልም የሚገዛ ከሆነ፣ መጋረጃዋ ጤነኛ የሆነችውን ፕላስቲኳን ገዝቶ ፊልሙን መጨመር ነው የሚሻለው።