የአምስት ማይክሮን ሙያ

ማለዳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የወረደ ሰው የቢላ ሙያ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጎረምሶቹ ቆሮሶውን በጎኑ አስተኝተው፣ ቢላዋውን ካከርካሪው አስታከው፣ ሥጋውን በአንድ ስበት ያነሡታል። እኔን ሰሞኑን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ስለት ነው። ሥራውን ያየሁት እዚያው ሐይቅ ዳር፣ ሕክምና በሚማረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነው።

መጀመሪያ የቀሚስ ጥለት ነበር የመሰለኝ፤ ሮዝና ወይን ጠጅ። «ጉበት ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ወይን ጠጁ ሄማቶክሲሊን ነው፤ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚወጣ፣ ሐኪሞች ሳይወስዱት ጨርቅ ይነከርበት የነበረ። ሮዙ ኢዮሲን ይባላል። ልጁ ሲያቀርበው ጥለቱ ተፈታና ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ወጡ። መሐላቸው ሞላላ ነገር ተኝቷል፤ ከጎኑ እሾህ አውጥቷል። የቢልሃርዚያ እንቁላል! የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች በሽታ። ጉበቱ በሕዋሳት ከቦ በጠባሳ አጥሮታል።

እንቁላሉ ርዝመቱ 140 ማይክሮን ገደማ ነው። የጉበቱ ቁራጭ ውፍረት ደግሞ 5 ማይክሮን ነው፤ የአንድ ጸጉር ውፍረት ከዐሥር በላይ እንዲህ ያለ ቁራጭ ይወጣዋል። ስለዚህ እሾሁ የሚታየው ስለቱ በትክክል ያለፈበት ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስላይድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ መስታወቱ እስኪሰበር ተማሪው ተራ ጠብቆ ያጮልቅበት ነበር። አሁን ስላይዱ በስካነር ተነሥቶ ክፍሉ በሙሉ ያንኑ እሾህ በአንድ ጊዜ ያያል።

ስካነሩ ግን የተበላሸ ቁራጭ አያድንም። ሕብረ ሕዋሱን በፓራፊን ውስጥ የቀበረው፣ በማይክሮቶም የቆረጠው፣ ቁራጩን ለብ ባለ ውኃ ላይ ያንሳፈፈው ቴክኒሻን ነው። ውኃው ከቀዘቀዘ ቁራጩ ይጨማደዳል፤ ከሞቀ ይለጠጥና ይበታተናል። ስለቱ ላይ ጥርስ ካለ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ጭረት ይቀራል፤ ስካነሩም ጭረቱን አጉልቶ ለትውልድ ያስቀምጠዋል። 15 ሚሊሜትር በ15 ሚሊሜትር የሆነች ቁራጭ፣ አንዱ ነጥብ ሩብ ማይክሮን ሆኖ ስትነሣ፣ 3.6 ቢሊዮን ነጥብ ነች። በዚያ ሁሉ ውስጥ ጭረት ፈለግሁ። ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን እጥፋት ብቻ አገኘሁ፤ እሷም እጅ ያለፈበት መሆኑን ነገረችኝ እንጂ አላስቀየመችኝም።

ፋይሉ ላይ የስካነሩ ሞዴልና የማጉላት መጠኑ ተጽፏል። የቆራጩ ስም የለም። መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ ስሙን ጻፉለት።