የአየር ጠባይ ዘጋቢውን በምን እንመዝነው?



በአሞራ ገደል ማለዳ መረቡን የሚያነሳው ዓሣ አጥማጅ፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚቸረችረው ነጋዴ፣ በዕረፍት ቀን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ለመውጣት ያሰበ አባት፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ነገ እንዴት ይውል ይሆን? መልሱን የሚሰጣቸው በካርታ ፊት የቆመው ዘጋቢ ነው። የዘጋቢው ታማኝነት ሲነሣ ግን ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «መቼ ልክ ተናግሮ ያውቃል!» ብሎ ይስቃል፤ ሌላው «የተማረ ሰው አይሳሳትም» ብሎ ይቀበላል። ሁለቱም ያለ ሚዛን የፈረዱ ናቸው።

«የዝናብ ዕውቀት የአላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ስለሆነ ትንበያ መስማት አይገባም» የሚሉ ወገኖችም አልጠፉም። በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ የተነገረው እውነት ነው። ሆኖም ደመናን፣ ነፋስንና የአየር ግፊትን ለክቶ «ሊዘንብ ይችላል» ማለት ምልክትን ማንበብ እንጂ የገይብን ዕውቀት ለራስ ማድረግ አይደለም። በሁደይቢያ ሌሊት ዘንቦ ባደረ ማግስት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያወገዙት ዝናቡ የኮከብ ሥራ ነው የሚለውን አባባል ነበር።

እንግዲህ ሚዛኑን ከወዴት እናምጣ? የሐዲስ ሊቃውንት ለዘመናት የሠሩበት ሚዛን በእጃችን አለ። ስለ አንድ ራዊ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር፤ ዓዳላ፣ ማለትም ሐቀኝነቱን፣ እንዲሁም ደብጥ፣ ማለትም የሰማውን ሳያዛባ መያዙን። በአምልኮው የተመሰገነ ሰው እንኳ ደብጡ ደካማ ከሆነ ዘገባው አይወሰድለትም ነበር። የቴሌቪዥኑ ዘጋቢም የረጅም ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት ነው። ከእርሱ በፊት በየጣቢያው መሣሪያ የሚያነቡ ሠራተኞች፣ የሳተላይት ምስል የሚመረምሩ ባለሙያዎች፣ በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት አሉ። ኢንስቲትዩቱ የወቅት ትንበያውን ሲያወጣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይሰጣል። «ሊሆን ይችላል» የተባለውን «ይሆናል» ብሎ የሚያስተላልፍ ዘጋቢ ድምፁ ቢያምርም ደብጡ ጎድሏል። ጥፋቱም የባለሙያው ሳይሆን የእርሱ ነው።

ልክ የሆነባቸውን ቀናት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ጆን ፊንሊ የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ባልደረባ ስለ ቶርኔዶ አውሎ ነፋስ 2,803 ትንበያዎች ሰጥቶ 96.6 በመቶው ልክ ነው ተባለለት። ጊልበርት የተባለ ሊቅ ግን በዚያው ዓመት አንድ ነገር አሳየ፤ በየቀኑ «አውሎ ነፋስ የለም» እያለ ቢቀመጥ ኖሮ 98.2 በመቶ ልክ ይሆን ነበር! ከደረሱት 51 አውሎ ነፋሶች ፊንሊ አስቀድሞ የተናገረው 28ቱን ነበር፤ 23ቱ አመለጡት። በሐዋሳም በበጋ ወራት «ዝናብ የለም» ማለት ማንንም አዋቂ አያደርግም። ፈተናው በበልግና በክረምት ነው። ያን ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ደመና በታቦር ተራራ በኩል አውርዶ ሐይቁን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

በአገራችን ዘገባ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው። «በአንዳንድ ቦታዎች ከቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ ይኖራል» የሚለው አነጋገር ቢዘንብም ባይዘንብም አይሸነፍም። ሊሸነፍ የማይችል ቃል ደግሞ ሊመሰገንም አይችልም። ለሐዋሳ የሚነገሩት ሁለት የሙቀት ቁጥሮችም ማታ መረቡን ሊጥል በጀልባ ለሚወጣው ሰው ስለ ነፋሱ አንዳች አይነግሩትም።

የመሳሳት ዋጋም እኩል አይደለም። ዝናብ ይመጣል ተብሎ ቢቀር ጃንጥላ በከንቱ ተያዘ፤ በቃ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ፤ ጎርፉ የወረደው ከከተማዋ በላይ ካሉት ደጋዎች ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የከተማዋን ሰማይ ብቻ የሚነግር ዘገባ ትክክል ሆኖም እንኳ የሚተኙትን አያድንም። ስለዚህ ዘጋቢውን በቀላሉ ቀናት ሳይሆን በከባዱ ዝናብ ቀን መመዘን ይገባል። አስቀድሞ ተናገረ ወይ? በየት በኩል እንደሚያሰጋስ ለየ ወይ?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ለማወቅ አንድ ደብተር ይበቃል። ልጆች ማታ የተባለውን በአንድ ዓምድ፣ በማግስቱ የሆነውን በሌላ ዓምድ ለአንድ የበልግ ወር ይጻፉ። ጣቢያውም ይህንኑ ቢያደርግ ምን ይጎዳዋል? የኳስ ውጤት በየሳምንቱ ይነገረናል። የትናንቱ ትንበያ ደርሶ እንደሆነ ወይም ቀርቶ እንደሆነ ግን ዘጋቢው ተመልሶ ሲነግረን አልሰማንም።